ሳጥን የሆነ ፊደል

አባቱ ገጹን ገለበጠ።

እምሩ ከትምህርት ቤት እንደመጣ፣ ቦርሳው ከትከሻው ሳይወርድ በሩ ላይ ቆሞ አየው። አባቱ አቶ ወርቅአፈራሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ዕድሜ ልኩን መርፌ የያዘው ጣቱ አዲሷን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ በስሱ ነካ ያደርጋታል፤ ገጹ ይለወጣል። ጥቂት ይቆይና እንደገና ነካ ያደርጋታል።

ከበሩ ሆኖ ስክሪኗ ይታያል። ከላይ እስከ ታች ፊደል የሚባል ነገር የለባትም። ሳጥን ብቻ። ሰው ያልገባበት ኮንዶሚኒየም መስኮት የመሰሉ፣ ባዶ፣ አንድ ዓይነት ሳጥኖች።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ጥሩ ነው። ደህና መጽሐፍ ነው የጫንክልኝ።»

«የት ደረስክ?»

አባቱ ጣቱን ከስክሪኗ ላይ አነሳ። «ገና መግቢያው ላይ ነኝ። ቸኩዬ ምን አገኛለሁ?»

እምሩ ወደ ጓዳ ገባ። አባዬ ያውቃል ማለት ነው ብሎ አሰበ። መበላሸቷን አውቆ፣ እኔን ላለማሳፈር ነው ዝም ያለው። ይህን ማሰቡ ከሐፍረቱ ይልቅ ቀለል ይለው ነበር። ሁለቱም ዝም ካሉ፣ ነገሩ አንድ ቀን በራሱ ይረሳ ይሆናል።

ስኳር በሽታ የአባቱን ዓይን መብላት ከጀመረ ቆይቷል። ፒያሳ የነበረው የልብስ ስፌት ሱቁ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ፤ የስፌት መኪናውን አፍንጮ በር ወዳለው ቤታቸው አምጥቶ፣ የጎረቤት ዩኒፎርምና የተበላሸ ዚፕ እየሠራ ይውላል። እሱን ግን አንጀቱን የቆረጠው የሱቁ መፍረስ አልነበረም፤ ማንበብ ማቆሙ ነው። ድሮ ደንበኛ ሱሪው እስኪተኮስ ሲጠብቅ፣ አባቱ ጮክ ብሎ ልቦለድ ያነብለት ነበር። ልብሱ አልቆ እንኳ «እስቲ ይቺን ምዕራፍ ጨርሳት» ብሎ የሚቀመጥ ሞልቷል። አሁን የመጽሐፍ ፊደል ሁሉ ጉንዳን ሆኖበታል።

ገንዘቡን ያወጣችው ባንክ የምትሠራው እህቱ ሜላት ናት። «አንተ ነህ እንዲህ ያለውን የምታውቀው» አለችው። «ፊደሉ የሚጎላ፣ ስክሪኑ የማያንጸባርቅ ይሁን። አደራ፣ የአባዬን ዓይን አስበህ ምረጥ።»

ፒያሳ ሳይፈርስ በቀረው በኩል ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሻጭ ሙሀይሚን የሚባል ቀልደኛ ወጣት ነበር።

«ለማን ነው ጀለስ? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ። ጫማ እንኳ እግር ሳይታይ አይገዛም።»

«ለአባቴ።»

ሙሀይሚን ባንኮኒው ላይ ሁለት ማንበቢያ አስቀመጠ። አንደኛዋ ወፍራም፣ አመድማ፣ ጠርዟ የተፋፋቀ። ሲከፍታት የአማርኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ፊደሉን እያሳደገ እያሳደገ አንዱን ቃል የታክሲ ታፔላ አሳከለው። ሁለተኛዋ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ከውስጥ ለስላሳ ብርሃን ያላት ነበረች።

«ይቺ ልዕልት ናት፤ ግን አማርኛ አታውቅም» አለ ሙሀይሚን። «ሳጥን ሳጥን ነው የምታሳይህ። ያቺ ፋራ የመሰለችህ ግን የፈለግከውን አማርኛ ታስነብብሃለች። ለፋዘር ከሆነ እሷን ውሰድ።»

እምሩ ቀጭኗን አነሳት። ክብደት የላትም። በክፍሉ ውስጥ የልብ ጓደኛ የለውም፤ ያለው በተሰነጠቀ ስልኩ የሚያነባቸው፣ ድራጎንና የጠፉ ከተሞች የሞሉባቸው የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ናቸው። አራት ኪሎ አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ይቺን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ በአጠገቡ ሲያልፍ ታየው። አባዬ ቀን ያነባል፣ ማታ እኔ። ምን አለበት?

«አባቴ እንግሊዝኛ ነው የሚያነበው» አለ።

ሙሀይሚን ቀና ብሎ አየው። «እርግጠኛ ነህ? ከተከፈተች አልመልስም።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

የአቶ ወርቅአፈራሁ እንግሊዝኛ ልብስ ላይ ከሚጻፈው ሚዲየምና ላርጅ አያልፍም።

የአማርኛ ፎንት እጭንባታለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። በማግስቱ ኮምፒውተር የሚችለው የክፍሉ ልጅ አማኑ በምሳ ሰዓት ሞከረለት፤ እምቢ አለች።

«ግትር ናት ፍሬንዴ። አማርኛ አልለምድም ብላለች።»

«ምን ይሻለኛል?»

«ለፋዘር ተበላሸች በላቸዋ። አታካብድ፣ ማን ያውቃል?»

ያን ዕለት አመሻሽ ግን ሜላት ቀድማው ቤት ደርሳ ነበር። «በል አሳየው!» አለች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። እምሩ ስክሪኗ ለሜላት እንዳትታይ አድርጎ መጽሐፉን እሱ ራሱ ከፍቶ ለአባቱ ሰጠ። አባቱ ማንበቢያዋን አቀረባት፣ አራቃት፣ ወደ መብራቱ አዞራት። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ «አይ ጊዜ!» አለ። «ጎላ ጎላ ብሎ ነው የሚታየው። ተባረኪ ልጄ። አንተም ተባረክ።»

ሜላት ፊቷን አዞረች። እያለቀሰች ነበር። ከዚያ በኋላ እምሩ አፉን እንዴት ይክፈት?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሱቅ ሲመለስ በራቸው ላይ አንድ ፒክአፕ ቆሟል። ቤት ውስጥ የሚያወራው ጋሽ ፈቀደ ነው፤ ፒያሳ ከአባቱ ጎን ይሰፋ የነበረ ሰው። እምሩ መጋረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ምን አስቸኮለህ?» ይላል ጋሽ ፈቀደ። «ዚፕ እኮ ዓይንህን ጨፍነህ ትተክላለህ።»

«ከእንግዲህ ጨፍኜ ብቻ ነው የምኖረው ፈቀደ። ፊደል ጠፍቶብኛል።»

«እንዴት?»

«ልጆቹ ጥፍር የሚያክል አድርጎ የሚጽፍ ነገር ገዙልኝ። እኔ የማየው ሳጥን ነው። ሳጥን ብቻ! ሐኪሙ ሲብስብህ የነገር ቅርጽ ይለዋወጥብሃል ብሎኝ ነበር። መጣ በቃ። ነገ የሰው ሱሪ ገልብጬ ሰፍቼ ከምዋረድ፣ መኪናዋ አንተ ዘንድ ትሥራ።»

«ለልጆቹ ነገርካቸው?»

«ምን ብዬ? ሜላት ከአፏ ነጥቃ ነው የገዛችው። እምሩ ደግሞ በየቀኑ እንዴት ነው ይለኛል። ደክሞ የመረጠልኝን ልጅ አላየሁበትም ልበለው?»

እምሩ መጋረጃውን ጨበጠ። ያወቀ መስሎት የነበረው አባቱ፣ ባዶ ሳጥኖችን ሲገልጥ የሰነበተው የራሱን ዓይን እየቀበረ ነበር።

ጋሽ ፈቀደ መጋረጃውን ገለጠ። «ጎበዝ፣ መጣህ? ና በዚህ በኩል ያዝልኝ። ብረቱ እንደ አባትህ ግትር ነው።»

እምሩ ያዘ። ሁለቱ የስፌት መኪናዋን ከነእግሯ አነሷት። አባቱ አልተነሳም። መዳፉን መኪናዋ ላይ አሳርፎ፣ እሷ እየራቀች ስትሄድ እጁ አየር ላይ ቀረ። እምሩ ያን እጅ አየ። ደፉ ላይ ሲደርሱ የያዘውን ጫፍ መሬት ላይ አኖረ።

«ምነው፣ ከበደህ?» አለ ጋሽ ፈቀደ።

እምሩ ስልኩን አውጥቶ ያንኑ መጽሐፍ ከፈተ። ፊደሉን ሌላ ማደግ እስኪያቅተው አሳደገውና የአባቱ እጅ ላይ አስቀመጠ።

«አባዬ፣ እስቲ ይሄን አንብብ።»

«ተወኝ ልጄ።»

«አንዴ ብቻ።»

አባቱ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠጋ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «በ... ዚያ... ዓመት...» ቆመ። ትንፋሹ ተሰማ። «ክረምቱ... ቀድሞ... ገባ።» ቀና አለ። «ፈቀደ! ክረምቱ ቀድሞ ገባ ይላል!»

«ዓይንህ አይደለም አባዬ» አለ እምሩ። «ማንበቢያዋ ናት። አማርኛ አታውቅም።»

አባቱ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ሳል ሆነ፣ ከሳሉ በኋላ እንባ መጣ። «በል መኪናዬን መልስ!» አለ ጉንጩን በመዳፉ እየጠረገ።

«ኧረ ወዲያ!» አለ ጋሽ ፈቀደ። «የፒክአፑን ዋጋ ማን ሊከፍል ነው?» እሱም ግን እየሳቀ ነበር።

አባቱ የእምሩን ራስ ወደ ደረቱ ሳበው። «ጎሽ የኔ ልጅ! አንተ ባትደርስበት ዕውር ነኝ ብዬ ልሞት ነበር። ያ ሌባ ነጋዴ! ልጅ አይቶ አታለለው። ሰኞ አብረን ሄደን ገንዘቡን እናስመልሳለን፤ እዚያው ደንበኞቹ ፊት ነው የማዋርደው።»

«ምን ይደረግ፣ ዘመኑ የአጭበርባሪ ነው» አለ ጋሽ ፈቀደ።

የአባቱ ሸሚዝ ላይ የክር ቅንጣቢ ነበር። እምሩ በጣቱ ለቀም አደረገው። ነገሩ በዚያው እንዲያልፍ አንገቱን አንዴ መነቅነቅ ብቻ ይበቃው ነበር። ቃል እንኳ አያስፈልግም።

ከአባቱ ክንድ ወጣ።

«ሰውዬው አላታለለኝም» አለ። «ሳይሸጥልኝ በፊት ነግሮኝ ነበር።»

ፈገግታው ገና ከአባቱ ፊት ላይ አልወረደም። «ምን ብሎ?»

እምሩ ዓይኑን መሬት ላይ ሊጥል ነበር። አልጣለም።

«አማርኛ አታሳይም አለኝ፣ አባዬ። እያወቅኩ ነው የገዛኋት።»