የሚከራይ ቤት፤ በረንዳ ያለው

መርማሪዋ የሰው ቧንቧ ከፍታ ውሃ እስኪመጣ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ። ቧንቧው የሚተነፍሰው አየር ብቻ ነበር። ከኋላዋ የቆሙት አከራይ ሴትዮ ባል እንዳላት፣ እንግዳ እንደምታበዛ፣ ማታ መቼ እንደምትገባ በጥያቄ ያጣድፏታል። እሷ ነፍሰ ገዳይ ፊቷ አስቀምጣ ስትጠይቅ እንኳ እንዲህ አታጣድፍም። የምትኖርበትን ቤት «ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ተብላ በወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ተነግሯታል፤ በዚህ ትልቅ ከተማ ደግሞ ቤት መፈለግ ሥራ ላይ ሌላ ሥራ ነው።

«አለቃ፣ የትም ይሁኑ ይምጡ» አለ ሃምሳ አለቃው በስልክ። «አንድ ሰውዬ ከፎቅ ወድቆ ሞቷል። የሚከራይ ቤት ሲያሳይ።»

«አከራይ ነው?»

«አከራይ ነው።»

ይቅር ይበላትና፣ መጀመሪያ የተሰማት ነገር ሐዘን አልነበረም።

ሟቹ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ከነመደገፊያው ብረት ወርዶ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቷል። ጫማው የተወለወለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤ ተከራይ መርጦ ሊያስገባ የመጣ ሰው ነበር። መርማሪዋ ሬሳውን አየች፤ ከሬሳው ይልቅ ግን አጠገቡ የወደቀውን ብረት ብዙ አየችው። አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ከግድግዳው ጋር የተያያዘበት ጫፍ ግን በጣቷ ስትነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ዝገቱ የትናንት አልነበረም።

«አደጋ ነው መሰለኝ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ይሆናል። ላይ ማን ማን ነበር?»

ላይ የነበሩት ደላላውና ቤቱን ሊያዩ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ደላላውን ሰፈሩ «ጣጣ የለውም» ነው የሚለው። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ደረጃው ቢፈርስ፣ ጎረቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ብረት የሚቀጠቅጥ ቢሆን፣ ለሁሉም መልሱ እሷው ናት።

«ሁለቱን ባንድ ላይ ለምን አመጣሃቸው?» አለችው።

«ፉክክር ሲያዩ ቶሎ ይወስናሉ፤ ጣጣ የለውም። እኔ ሳሎን ሆኜ በስልክ እያወራሁ ነበር። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ።»

«በረንዳውን አሳየሃቸው?»

ደላላው ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። «አላሳየሁም። ጋሼ ‹የመኝታ ቤቱን በረንዳ እንዳትከፍት፤ ከጠየቁህ በሩ ተጣብቋል በል› ብለውኛል። እውነትም ተጣብቋል። አንዴ ሞክሬው እጄ ሊነቀል ነበር። ዛሬ ሲከፈትም አልሰማሁም።»

ሁለተኛው ሊያገባ ቀን የቆረጠ ወጣት ነው፤ ሙሽራው እንበለው። ፊቱ አመድ መስሏል። ደረጃው ላይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቶ ስለነበር ሃምሳ አለቃው ዓይኑን አልነቀለበትም።

«ልጅ ትወልዳላችሁ ወይ አለኝ!» አለ ሙሽራው። «ገና ሳላገባ! ‹ልጅ ግድግዳ ያበላሻል፤ ከወለዳችሁ ትለቃላችሁ› አለኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ግን አልነካሁትም። በሠርጌ ሰሞን እስር ቤት ልግባ?»

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ወጥ ቤት፤ ቧንቧ እየከፈትኩ።»

መርማሪዋ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ውሃ ነበረው?»

«የለውም። ጣሪያውም ያፈሳል፤ በቀለም ሸፍነውት ነው።»

«ምን ሰማህ?»

«‹ብረቱን! ኧረ ብረቱን!› ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሲሮጥ ሰማሁ፤ ጫማው ይሰማል። ከዚያ ያ ድምፅ…» ጆሮውን ያዘ።

«መጀመሪያ ጩኸቱ፣ ቀጥሎ ሩጫው? እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ከዚያ በፊትስ የበር ድምፅ ሰምተሃል?»

«በር አልሰማሁም።»

ሦስተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። ከስታለች፤ መነጽር አድርጋ ሻርፗን እስከ ግንባሯ አውርዳለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ልክ ሐኪም ቤት ተራ እንደምትጠብቅ ሰው ተቀምጣ ነበር።

«ቤቱን እንዴት አየሽው?»

«ጥሩ ነው።»

«ውሃ አለው?»

«አልጠየቅኩም።»

«የመብራት ቆጣሪውስ ለብቻ ነው?»

«አላየሁም።»

«ከላይ ማን እንደሚኖርስ?»

«ቤት ከሆነ ምን አነሰኝ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሰውዬው ሲወድቅ መታጠቢያ ቤት እንደነበረች ተናገረች፤ ሌላ አልጨመረችም።

መርማሪዋ ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ የበረንዳውን በር ዘግታ እንደገና ልትከፍተው ሞከረች። በሩ የመንደሩን ውሻ ሁሉ የሚቀሰቅስ ጩኸት አወጣ። ሃምሳ አለቃው ሞከረ፤ የባሰ ጮኸ። ሳሎን ስልክ የሚያወራ ሰው፣ ወጥ ቤት ቧንቧ የሚከፍት ሰው ይህን አለመስማቱ ገረማት።

ግቢው ውስጥ ታች ቤት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ልብስ ያሰጣሉ። ሰው ሞቶም ልብስ መድረቅ አለበት።

«እማማ፣ ዛሬ ወደ ላይ የወጡትን ሰዎች አይተዋል?»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ።» ይህን እያሉ ከሩቅ መሬት ላይ የወደቀች አንዲት የልብስ መቆንጠጫ አይተው ሄደው አነሱ። «ከዚያ በረንዳ ሰው ሲወድቅ ግን ይኼ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሕፃን ነበር። ገና እግር የተከለ።»

መርማሪዋ ወደ በረንዳው ቀና ብላ አየች።

«እናትየው ‹ብረቱ ላልቷል፣ አሠሩልኝ› እያለች ሟቹንና ታናሽ ወንድሙን ስትለምን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ብረቱ ወደ ውጭ ተገፋና ሕፃኑ ከሥሩ ሾለከ። ፖሊስ ሳይደርስ ሁለቱ ወንድማማቾች በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። ፍርድ ቤት ታናሽየው ምሎ ‹ብረቱ እንደ ዓለት ነው፤ እናቱ ናት ያልጠበቀችው› አለ። እኔ አብሬያት ሄጄ ነበር፤ ልመስክር ብል ማን ሰማኝ? የልጇ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ዕቃዋን ዝናብ ላይ አወጡባት።»

«ያ የበረንዳ በር ያኔም ይጮህ ነበር?»

«ለማያውቀው ይጮኻል። እሷ ሕፃኑ እንዳይነቃባት እጀታውን ወደ ላይ ከፍ ታደርግና በጉልበቷ ገፋ ታደርገዋለች። ጭጭ!» አሮጊቷ ድንገት አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ተቆጡ። «ያኔ የት ነበራችሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የናንተ ነገር።»

መርማሪዋ ላይ ስትመለስ የሟቹ ታናሽ ወንድም ቤቱ ውስጥ ይጠብቃታል። ሥር ባለው ሱቁ ውስጥ ነበርኩ ባይ ነው፤ ሕንፃው ከእንግዲህ የእሱ ነው። የልብስ ሰፊዋን ወንበር አልፎ፣ የሙሽራውን ሰላምታ ሳይመልስ መርማሪዋን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«እህቴ፣ ቤት እየፈለግሽ ነው አሉ።» የከተማው ደላላ ሁሉ ስልኳን ይዟልና ወሬው መድረሱ አያስገርምም። «ነገሩ አደጋ መሆኑ ግልጽ ነው። ይኼ ልጅ ገደለው፣ ያ ገደለው ሲባል የቤቱ ስም ይጠፋል። አደጋ ተብሎ ከተዘጋ ቁልፉን ውሰጂ። እኔም አላስቸግርሽ፣ አንቺም አትንከራተቺ።»

መርማሪዋ ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። ለአንድ አፍታ ልቧ ሄደ፤ የአልጋዋን ቦታ ሁሉ በዓይኗ መረጠች። ከዚያ በረንዳው ላይ ብረት የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች፤ ደሟ ፈላ። ድምፅዋ ግን አልተለወጠም።

«አደጋ ለማለት ብረቱ ድሮም የላላ እንደነበር የሚመሰክር ያስፈልገኛል። ወንድምዎ ሞተዋል፤ የሚያውቅ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ! ያ ብረት እኮ ቤቱ ሲሠራም በደንብ አልተበየደም። ሁልጊዜ እንደላላ ነው። በቀለም ያስሸፈንኩትም እኔ ነኝ።»

«ነገ በሁሉም ፊት ይደግሙልኛል?»

«አሥር ጊዜ!»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም እዚያው መኝታ ቤት ተሰበሰቡ። መርማሪዋ አስቀድማ ሃምሳ አለቃውን «ሁለት ካቴና ያዝ» አለችው። «ሁለት ሆነው ነው የገደሉት?» ቢላት «አንተ ብቻ ያዝ» ብላ ዝም አሰኘችው። ወንድምየው ጥቁር ልብስ ለብሶ ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀምጧል። ሙሽራው ቆሟል፤ መቀመጥ አልቻለም። «ጣጣ የለውም» በሩ አጠገብ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል። አሮጊቷም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ጥግ ይዘዋል።

«የነገሩኝን ይንገሯቸው» አለች መርማሪዋ ወንድምየውን።

«ብረቱ ገና ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ የላላ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔም ወንድሜም እናውቅ ነበር። እስከ ዛሬ በሽቦና በቀለም ነው የቆየው። ስለዚህ አደጋ ነው።»

የልብስ ሰፊዋ እጆች ጭኗ ላይ ተጨበጡ።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» አለች መርማሪዋ። «አመሰግናለሁ። አደጋ ግን አይደለም። የላላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ላይ ተደግፎ አየር አይቀበልም። ሟቹ በሩ እንዳይከፈት ደላላውን አስጠንቅቀዋል። ታዲያ ምን አወጣቸው?»

ጣቷን ወደ ወጥ ቤቱ ቀሰረች።

«ሙሽራው መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ ሩጫ ሰምቷል። የሚወድቅ ሰው ሲወድቅ ይጮኻል እንጂ ጮኾ አይሮጥም። ሟቹ ኮሪደሩ ላይ ሆነው በሩ ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው ብረቱን ይዞ አዩ። የሚሸሽጉት ጉድለት ሊገለጥ ነው፤ ‹ብረቱን!› እያሉ ሮጡ። ስለዚህ በረንዳው ላይ ቀድሞ የወጣ ሰው ነበር።» ወደ በሩ ሄዳ ዘጋችው፤ በሩ ጮኸ። «ይህንን ጩኸት ግን ትናንት ማንም አልሰማም። ሙሽራው፣ እስቲ ክፈተው።»

ሙሽራው ሳበው፤ ጮኸ። ደላላው ሞከረ፤ እንዲያውም አልከፈተው አለ። ወንድምየው በንቀት ተነስቶ ሳበው፤ የእሱ ጩኸት ከሁሉም ባሰ።

«ይህን በር ዝም የሚያሰኘው የኖረበት ሰው ብቻ ነው። ደግሞ እኔም ቤት ፈላጊ ነኝ። ቤት ፈላጊ ሁሉ ቧንቧ ይከፍታል፤ ጣሪያ ያያል፤ ስለ ጎረቤት ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ ይህን ሁሉ አደረገ። አንዷ ምንም አልጠየቀችም። ውሃው መቼ እንደሚሄድ፣ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ ስለምታውቅ የምትጠይቀው አልነበራትም።» ዞረች። «እህቴ፣ እስቲ አንቺ።»

ልብስ ሰፊዋ እንደ ሌሎቹ ስባ ማስጮህ ትችል ነበር። መርማሪዋም ይህን ታውቃለች። ሴትየዋ ግን ተነስታ በሩ ፊት ቆመች፤ እጀታውን ከፍ አደረገች፤ በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። በሩ ተከፈተ፤ ድምፅ አልነበረውም። ጥግ ላይ አሮጊቷ ማልቀስ ጀመሩ።

«የመጣሁት ብረቱ ተሠርቶ እንደሆነ ለማየት ነው» አለች ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው። «ደላላው ‹የሚከራይ ቤት፤ በረንዳ ያለው› ሲል ሰማሁ። ተሠርቶ ቢሆን አልቅሼ እመለስ ነበር። ነካሁት፤ ያው ነው፤ ቀለም ብቻ ጨምረውለታል። ይኼ ልጅ ደግሞ ነገ ያገባል፤ ይወልዳል።» በአገጯ ሙሽራውን አሳየች። «ሰውዬው ሲሮጥ መጣ። ሻርፔን ገልጬ ‹አወቅከኝ?› አልኩት። ‹ማነሽ አንቺ?› አለኝ። ያኔ ገፋሁት። ልጄ በወደቀበት በዚያው በኩል።»

«አይቆጭሽም?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ይቆጨኛል። የዘገየሁበት።»

ወንድምየው ብድግ አለ። «ገዳይ! አብረሽኝ ተቀምጠሽ…»

«ፍርድ ቤት ፊትህ ቆሜ አለቀስኩ፤ አንዴ ቀና ብለህ አላየኸኝም» አለችው ዞራ። «እንዴት ታውቀኛለህ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ሃምሳ አለቃው አንደኛውን ካቴና አወጣ፤ ሴትየዋ እጆቿን ሳትጠየቅ ዘረጋች። ከዚያ መርማሪዋ ሁለተኛውን ተቀብላ ወንድምየው ፊት ቆመች።

«ምነው? የሞተብኝ እኮ እኔ ነኝ!»

«ሕፃኑ ሲሞት ‹ብረቱ እንደ ዓለት ነው› ብለው ምለዋል። ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ የላላ ነው፤ እናውቅ ነበር› አሉ። ወይ ያኔ ዋሽተዋል፣ ወይ አሁን። አሁን እንዳልዋሹ ደግሞ ታች የወደቀው ዝገት ይመሰክራል።»

የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት ይህ ነው። ካቴናው ሲጠብቅበት ጫማውን እያየ ነበር።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች ልብስ ሰፊዋ መርማሪዋን። «ይድገመው። እኔን እያየ።»

ይህን የሚያስገድድ ሕግ የለም። መርማሪዋ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሃምሳ አለቃውም በሩን አልከፈተም። በመጨረሻ ወንድምየው ቀና አለ፤ ዓይኑ ከሴትየዋ ዓይን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጠመ።

«ላልቶ ነበር» አለ።

«እኔ ልጄን ጠብቄው ነበር» አለች።

ይዘዋቸው ሲወርዱ አሮጊቷ ደረጃው ላይ ቀድመው የሴትየዋን የታሰሩ እጆች ሳሙ። ደላላው ቁልፉን ይዞ ቆሟል። መርማሪዋ ቁልፉን ከእጁ ወሰደች። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት መፈለግ አለባት። ከመውጣቷ በፊት የበረንዳውን በር እጀታ ይዛ ከፍ አደረገችው፤ በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። አልጮኸም።