ምልክት ያልተለጠፈበት በር

ቀለመወርቅ የተገኘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ውስጥ ነበር። ከበሩ አጠገብ በጀርባው ተኝቷል። እግሮቹ ወደ ምሥራቅ ተዘርግተዋል፤ እጆቹ ደረቱ ላይ ተመሳቅለዋል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል።

ኢንስፔክተር አዲስዓለም ከደብረ ታቦር ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በርና መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ እንዲናፈስ አዘዘችና ደጅ ቆመች። ነፋሱ ከውስጥ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ይዞ ወጣ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን ቦሎቄ ብቻ ነው፤ ጀርመን አገር ለሕፃናት ምግብ አምራች የተሸጠ፣ ሰኞ ወደ ጅቡቲ የሚጫን ነጭ ቦሎቄ። ውሉ ከማሳ እስከ መርከብ ምንም ዓይነት ኬሚካል እንዳይነካው ያስገድዳል። ይህን አረጋግጦ የሚፈርመው የጥራት ተቆጣጣሪው፣ ቀለመወርቅ ነበር።

ሐኪሙ በመርዛማ ጋዝ ታፍኖ መሞቱን ነገራት። እሷ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ በሥራቸው አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። የብረት በሩም ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ በሰው ቁመት ላይ ተፍቋል።

መጀመሪያ ያገኘው የመጋዘኑ ሠራተኛ ጌታነህ ነው።

«በሩ እንዴት ነበር?»

«ገርበብ ብሎ። ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ሬሳውን ነካኸው?»

«ደፉንም አልተሻገርኩ! ሰው መጥቶ መስኮቱን ከውጭ እስኪከፍት ከደጅ ሆኜ ነው የጮህኩት።»

«ምን ፈርተህ?»

ጌታነህ ቦሎቄውን ወደሸፈነው ሸራ አየት አድርጎ ዓይኑን መለሰ።

የጓጉንቸሩ ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ በጌታነህ፣ በላኪው ድርጅት ወኪል በታምራት፣ በዩኒየኑ ሊቀመንበር በቄስ ወልደ ገብርኤል።

ማምሻውን የሟቹ ሚስት እመቤት መጣች። የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። የአባቷ የዓመት ልፋትም እዚያ መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። አላለቀሰችም። ከተማው ባሏ በገዛ ቸልተኝነቱ እንደሞተ ሲያወራ ሰምታለች።

«እህቴ፣ እሱ ሻይ እንኳ ሳያሸት አይጠጣም» አለች። «በዚህ እየሳቅሁበት ነው የኖርኩት። ቸልተኛ ተብሎ አይቀበርብኝ።»

በማግስቱ ጠዋት አዲስዓለም ታምራትን አነጋገረችው። ቅዳሜና እሑድን ደብረ ታቦር አሳልፎ መምጣቱ ነበር፤ ያደረበት ሆቴልም በስልክ አረጋገጠላት። ስለ ሽታው ስትጠይቀው ለጥቂት ጊዜ ካደ፣ ከዚያ ተናደደ።

«ነቀዝ የበላውን አይቀበሉም፤ መድኃኒት የነካውንም አይቀበሉም። ነቀዙ ደግሞ ውል አያነብም። ምን እናድርግ ኖሯል?»

ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ መድኃኒት ያመጣው እሱ፣ በሸራው ሥር ያስቀመጠው ጌታነህ፣ የፈቀዱት ሊቀመንበሩ ነበሩ።

ቄስ ወልደ ገብርኤልን ቢሯቸው አገኘቻቸው። ቀለመወርቅን በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። ሲናገሩ ሳል ያቋርጣቸዋል፤ የእብቅ አቧራ ነው አሏት። ሟቹ ቅዳሜ ትቶት የሄደው ስልክ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ነበር።

«ትናንት ተራዎ ሆኖ አልቀደሱም አሉኝ፣ አባ።»

«ሌሊት ጠማኝና ውሃ ጠጣሁ፣ ልጄ። ለሌላ ካህን ሰጠሁ።»

«የት ሆነው አስቀደሱ?»

«ከቅጥሩ ውጭ። ከጥዱ ሥር።»

ከቀብር በኋላ አዲስዓለም ሦስቱንና እመቤትን በዩኒየኑ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ግቢው ውስጥ ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መኪናው መቼ እንደሚጫን ይጠብቃሉ።

«ቀለመወርቅ ቸልተኛ አልነበረም» ብላ ጀመረች፤ ወደ እመቤት እያየች። «እንዲህ ያለ መድኃኒት የገባበት መጋዘን በሩ ላይ የራስ ቅል ምልክት ይለጠፍበታል። እዚህ ምልክቱ ቢለጠፍ መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ከታወቀ ውሉ ይፈርሳል። ስለዚህ መርዙ እንደሌለ ተቆጠረ። እሱ ተጠራጥሮ ቅዳሜ ማታ ናሙና ሊወስድ ገባ።»

ታምራት መሬት መሬት ያያል።

ቀጥላ የጥፍሮቹን ነገር አስረዳች። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ አይቧጥጠውም ነበር፤ ከውጭ ተቆልፎበታል። ጠዋት ግን ክፍት ተገኘ።

«የቆለፈው ሰው ተመልሶ ከፈተ። ከፍቶም አልሸሸም። ገብቶ ዓይኖቹን ከደነ፣ እጆቹን አመሳቀለ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ መለሰ። ይህን የሚያደርግ የሚያለቅስ ሰው ነው። ታምራት ደብረ ታቦር ነበር። ጌታነህ መድኃኒቱን በእጁ ያስቀመጠ ስለሆነ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ እንኳን ሊገባ ደፉን አልተሻገረም። የገባው ጋዙ ሰው እንደሚገድል ያላወቀ ነው። እስካሁን የሚያስለውም እሱ ነው።»

 ቄሱ ሳላቸውን ሊይዙት ሞክረው አልቻሉም።

አዲስዓለም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባ፣ ውሃ የጠጣ ካህን አይቀድስም፤ ገብቶ ማስቀደስ ግን ማን ይከለክለዋል? እርስዎ በዚያ ብርድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሙ። ሬሳው ገና አልተገኘም ነበር። የቀለመወርቅን መሞት የሚያውቅ ማንም አልነበረም። እርስዎ ግን ሬሳውን በነካ እጅዎ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ማለፍ አልቻሉም።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ለጀርመኖቹ ሊደውል ነበር» አሉ። «ናሙና ልውሰድ ሲለኝ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት ብቻ ይቆይልኝ ብዬ ቆለፍኩ። ማለዳ ከፍቼ እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው ነበር። ይህ ሁሉ ገበሬ ምን ይብላ? መድኃኒቱ የሚገድለው ነቀዝ ብቻ ነው አሉኝ።»

«እሱ ምን አለዎት?»

«በላተኛው አያየንም አባ፤ በእሱና በእኛ መካከል ያለው የእኔ ቃል ብቻ ነው አለኝ።» አሳላቸው። «ቃል ማክበርን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ሲጮህ አልሰሙም?» አለች እመቤት። ከገባች ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«ነፋስ ነበር።» መስቀሉን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ሰምቻለሁ ልጄ። የተቆጣ መሰለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወጡ ገበሬዎቹ ነገሩን ስላላወቁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሷቸው። ታምራት አዲስዓለምን ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ተቆጣጣሪ ቢፈርም ቦሎቄው መሄድ ይችል እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቃት። ጀርባዋን ሰጠችው። መርምራ የጨረሰችውን የቀለመወርቅን ስልክ ለእመቤት ሰጠቻት። ከጀርመን የተደወሉ፣ ያልተነሡ ጥሪዎች ነበሩበት።

«የእኔ ሪፖርት በሕጉ መንገድ ይሄዳል፤ ጊዜ ይወስዳል» አለቻት። «መኪናው ግን ደጅ ቆሟል። አንቺን የሚያስገድድሽ የለም።»

እመቤት በመስኮቱ አየች። አባቷ ከገበሬዎቹ መካከል ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሲያዩዋት እጃቸውን አነሱላት።

«ምን እላቸዋለሁ?»

«እሱ ሊነግራቸው የነበረውን።»

ቁጥሩን ነካች። ስልኩ ከሩቅ ጠራ፤ አባቷ አሁንም እጃቸውን አላወረዱም። ከዚያ ስሟን እንኳ የማያውቅ የባዕድ ሴት ድምፅ በደስታ፣ ቃሉን እየሰባበረ፣ «ቀለመወርቅ?» አለ።

«አይደለም» አለች እመቤት በእንግሊዝኛ። «ሚስቱ ነኝ።»