አልሰነጠቅ ያለው ዋንዛ

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ጅን ነው፣ ጥላ ነው፣ መንፈስ ነው የሚባል ወሬ ሲጀመር ሻዬን ሳልጨርስ ከሻይ ቤት የምወጣ ሰው ነኝ። ማሽን አላግባብ ከሄደ ምክንያት አለው፣ ወይ ጥርሱ ዶልድሟል፣ ወይ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይ ሠራተኛው ሰክሯል፣ ሌላው ሁሉ የሰነፍ ሰበብ ነው እያልኩ በሰው ስስቅ የኖርኩ ነኝ። አሁንም አመንኩ አልልህም። ብቻ ያየሁትን ልንገርህና አንተው ፍረድ፣ እኔስ መፍረድ አቅቶኝ ይሄው እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

የእንጨት ሥራ ቤታችን ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው፣ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ እንጋራለን፣ ወፍጮው ሲነሳ የእኛ ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጣል። የምንሠራው እኔና አወል ነን። አወል በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ ሶላት የማያልፈው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ፣ አንተ ለሁለታችንም ትሰግዳለህ» እያልኩ አሾፍበታለሁ። ባንድሶው የሚባለውን ማሽን አይተህ ካላወቅክ፣ ከላይና ከታች ሁለት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፣ ቀበቶ የመሰለ ረጅም መጋዝ በሁለቱ ላይ እየዞረ ይወርዳል፣ አንተ ግንዱን ትገፋለታለህ፣ እሱ ጣውላ እያደረገ ይሰጥሃል። ጠላቱ እርጥብ እንጨት ነው፤ እርጥብ እንጨት ሙጫውና ብናኙ እየተጣበቀ መጋዙን ከመስመር ያስወጣዋል፣ ይሄን ያልቀመሰ እንጨት ሠራተኛ የለም።

ነገሩ የመጣው በአዴ ዘሀራ በኩል ነው፣ አዴ እኛ ጋ እንደ እማማ ማለት ነው። እኔ ከወልቂጤ ወደ ጅማ የመጣሁ ጊዜ የግቢያቸውን ጓሮ ክፍል ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው፣ ወባ ጥሎኝ ስቃዥ ገንፎ አገንፍተው በማንኪያ ያጎረሱኝም እሳቸው ናቸው። ታዲያ እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፣ ሰው ግን ልጃቸው ነው ይለኝ ነበር፣ እኔም አላርመውም። ኋላ ከልጃቸው ከነዚፍ ጋር ሊኖሩ ወደ የቡ ገጠር፣ ወደ ቡና ማሳቸው ተመለሱ። ዘንድሮ ክረምት ልባቸው ደከመና ጅማ ሆስፒታል ገቡ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ነዚፍን ራስጌው ከፍ ያለ አልጋ አሠራላቸው፣ ዝርግ አልጋ ላይ ከተኙ አይሆንም አለው።

ነዚፍ ምን አደረገ መሰለህ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ማሳው መሀል የነበረውን ትልቅ ዋንዛ ጣለና ለሁለት ቆርጦ በአይሱዙ ጭኖ ደጃችን ላይ አራገፈው። እንጨቱ ገና ያለቅሳል፣ እጄን ሳሳርፍበት ረጠበ።

«ነዚፍ፣ ይሄ ውሃ ነው እንጂ እንጨት አይደለም እኮ» አልኩት፣ «ቢያንስ የሚመጣው በጋ ይለፍበት።»

«እማዬ በጋን የምትጠብቅ ይመስልሃል? ዛሬ ነገ ያስወጧታል። ምን ላይ ላስተኛት ተክሌ?» አለኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

ምን ትላለህ እንዲህ ሲሉህ? እሺ አልኩት። ጣውላውን ወፈር አድርጌ ልሰንጥቀው፣ ቢጣመምም ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው። የአልጋ ጎን ረጅም ጣውላ ይፈልጋል፣ ይሄን ልብ በልልኝ።

ከአስር ሶላት በኋላ አነስተኛውን ግንድ ጠረጴዛው ላይ አወጣን፣ ውጭ ዝናቡ ያንጠባጥባል፣ ወፍጮው ከጎን ያጓራል። በክር መስመር አሰመርኩ፣ ማሽኑን አስነሳሁ፣ ገፋሁ። መጋዙ እንደገባ ቀጥ ብሎ ሄደልኝ፣ ከዛ ሳላስበው ወደ ውጭ መሸሽ ጀመረ፣ ብመልሰው ብመልሰው እምቢ አለ፣ ግንዱ መሀል ሳይደርስ በጎን ብቅ አለና ሁለት ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ጣለልኝ። በማዶ በኩል ጣውላ የሚቀበለው አወል ቁራጯን አነሳት።

«ጀመረን እንግዲህ» አልኩ። ምንም አልደነቀኝም፣ እርጥብ እንጨት ነው። ሁለተኛውን ገፋሁ፣ መጋዙ ያው ቦታ ላይ ሸሸ፣ በዛው በኩል ወጣ።

ማሽኑን አጥፍቼ እንደ ወጉ ፍተሻ ገባሁ። ጎማዎቹ ላይ የተጋገረውን ሙጫ በናፍጣ አጠብኩ። የላይኛውን ጎማ ዘንበል የሚያደርገውን ብሎን እያዞርኩ መጋዙ ጎማው መሀል ላይ እንዲሄድ አደረግኩ፣ በእጄ አዙሬም አየሁት፣ ንቅንቅ አይልም። ውጥረቱን ጨመርኩ። መጋዙን ከግራ፣ ከቀኝና ከኋላ የሚይዙትን ኩሽኔታዎች ፈትቼ ወረቀት በምታልፍበት ክፍተት መልሼ አሰርኳቸው። ጥርሱ በአንድ ጎን ከዶለዶመ ወደ ሌላው ጎን ይሸሻልና እሱንም በጣቴ ዳበስኩት፣ ሁለቱም ጎን ይነክሳል። በዚህ ሳልረካ ደረቅ የግራቪሊያ እንጨት አስገብቼ ሞከርኩ፣ እመነኝ፣ ክር የመሰለ መስመር! አየህ አወል፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ አልኩና ጉራዬን ነፋሁ።

ዋንዛውን መልሰን ጫንን። ያው ቦታ ላይ ሸሸ።

እዚህ ላይ ነው መቁነጥነጥ የጀመርኩት። ግንዱን ገልብጠን እግሩን በራስጌው በኩል አዞርነው፣ ችግሩ የእንጨቱ ጭረት ቢሆን አሁን መሸሻው መቀየር አለበት፣ ይሄ የማንም ልጅ የሚያውቀው ነው። አልተቀየረም። ሌላ ነገር ደግሞ ልብ አልኩ፤ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲገባ የሚያጉረመርመው ማሽኔ ዝም ብሏል። ጎማው ይዞራል፣ ብናኙ ይረግፋል፣ የመቁረጥ ድምፅ ግን የለም፣ አየር የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። ወፍጮው ውጦት ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ የለም።

አወልን ስመለከተው ደግሞ ቁራጮቹን ማገዶው ላይ አይጥላቸውም። እያንዳንዷን በኩታው ጫፍ ይጠርጋትና ግድግዳው ጋ አስተካክሎ ያቆማታል። ሁሉም እኩል ናቸው። በስህተት የወጣ ቁራጭ እንዴት እኩል ይሆናል?

«ምን ታሽሞነሙናቸዋለህ፣ ማገዶ ናቸው ጣላቸው እንጂ!» አልኩት።

«ዝም በል ተክሌ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በቃን ለዛሬ። ማሽኑን አጥፋው።»

«ሴትዮዋ ምን ላይ ሊተኙ ነው ታዲያ?»

«አጥፋው እልሃለሁ፣ ወላሂ ደስ አላለኝም።»

እልኸኛ ነኝ፣ እናቴም እንደ በቅሎ ነህ ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ገፋሁ። መጋዙ ገና አንድ ጋት ያህል እንደገባ መብራት ሄደ። ከጣሪያው አምፖሉ ጠፋ፣ ወፍጮው እየቃተተ ቆመ፣ ከፊት ለፊት ሱቅ ይሰማ የነበረው መንዙማ ተቋረጠ፣ ሰፈሩ በአንዴ ጸጥ አለ። ባንድሶው መብራት ሲሄድበት ጎማው በራሱ ክብደት ትንሽ መዞሩ ያለ ነው፣ እንጨት ውስጥ ከሆነ ግን እርጥቡ ይይዘውና ወዲያው ይቆማል። አልቆመም። እጄን ከግንዱ ላይ አነሳሁ፣ ማንም አልገፋውም፣ ግንዱ ግን ወደ መጋዙ መሄዱን ቀጠለ፣ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ እዛው የለመደው ቦታ ላይ ሸሸ፣ በጎን ወጣ፣ ቁራጯ አወል እጅ ላይ ወደቀች። ከዛ ነው ጎማው የቆመው።

በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ፈራሁ፣ ለምን እዋሽሃለሁ፣ ብናኙ ላይ ተቀመጥኩ።

«አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» ይላል አወል፣ ቁራጯን እንደታቀፈ። ቆይቶ «ይሄ ለምን እንደሚሆን አታውቅም አይደል?» አለኝ።

ከየት አውቄ። የሙስሊም ጎረቤቶቼን ቀብር ስሸኝ ከኋላ ነው የምቆመው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«ለሐዱ ላይ፣ መቃብሩ ውስጥ ሬሳው የሚተኛበት ጎድጓዳ ላይ የሚደረደር ነው» አለኝ። «ሬሳው ላይ አፈሩ እንዳይወድቅ። ልኩ ይሄው ነው፣ ስንቱን በእጄ ደርድሬያለሁ።»

ይሄን እንዳለ ስልኬ ጠራ፣ ነዚፍ ነው። ማንሳት አልቻልኩም፣ አወል ነው ነጥቆ ያነሳው። ፊቱን አየዋለሁ። «አልሀምዱሊላህ!» ሲል ዕንባዬ መጣ። ተሽሏቸዋል፣ ነገ ይወጣሉ ነው ያለው። ያን ጊዜ እንዴት እንደሳቅኩ! አወልን «ያዝ እንግዲህ፣ በቁም ሰው ልትቀብር ነበር» እያልኩ አበሸቅኩት፣ እሱ ግን አልሳቀም። ያንኑ ምሽት መብራቱ ሲመጣ ለሌላ ደንበኛ ካስቀመጥነው ደረቅ ግራቪሊያ ራስጌው ከፍ ያለ አልጋ ገጣጥመን ጨረስን፣ መጋዙም እንደ ጨዋ ልጅ ቀጥ ብሎ ሠራ።

በማግስቱ ነዚፍ እናቱን በመኪና ይዞ አልጋውን ሊወስድ መጣ። አዴ ዘሀራ ካልወረድኩ አሉ፣ ደግፈን አስገባናቸው። ከስተዋል፣ ግን ዓይናቸው ያው የድሮው ነው። አልጋውን መረቁልኝ፣ ዞር ሲሉ ግድግዳው ጋ የቆሙትን ቁራጮች አዩ። ተጠግተው እያንዳንዷን በመዳፋቸው ነኩ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይቆጥራሉ።

«አንዲት ትጎድላለች ኢልሞ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ለምኑ አዴ?»

«ለእኔ ነዋ!» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «የነዚፍ አባት ሲሞት እንጨት አጥተን የጎረቤት በር ነቅለን ነው የቀበርነው። እንደዛ አፍሬ አላውቅም። ያን ሳምንት ይቺን ዋንዛ ተከልኩ፣ የእኔ ቀን ሲመጣ ማንንም እንዳላስቸግር። ለማንም አልነገርኩም፣ ይሄ ልጅ ለአልጋ ቆረጣት።» ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው።

ነዚፍ ደግፎ ያዛቸው። እኔና አወል ተያየን። ምን ዓይነት መጋዝ ነው ይሄን የሚያውቀው? እስቲ ንገረኝ፣ የትኛው ኩሽኔታ ነው ይሄን የሚያውቀው?

ቁራጮቹን ካልወሰድኩ ብለው አስጫኑ፣ ከአዲሱ አልጋቸው ሥር አስደረደሯቸው። ትልቁ ግንድ እኛ ግቢ ቀረ። እስካሁን እርጥብ ነው፣ ከቆርቆሮ ሥር አስቀምጬው አንዲት ስንጥቅ አላወጣም፣ ዋንዛ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እሳቸውም ይሄው በሕይወት አሉ። ሐኪሙ ራሱ ይገርመዋል አሉኝ። ግን ደህና ሆነው አይደለም፣ ትንፋሻቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድራል፣ ሄጄ አይቻቸዋለሁ፣ ልብ ይሰብራል። በየጊዜው ይደውሉልኛል፣ «የቀረችውን ሰንጥቅልኝ፣ ደከመኝ ኢልሞ ኮ» ይሉኛል። እሳቸው ሲዘጉ ደግሞ ነዚፍ ይደውላል፣ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳትነካው» ይለኛል። አወልን ብጠይቀው «አጀል፣ የሰው መሞቻ ቀን፣ በአላህ እጅ ነው፣ በአንተ መጋዝ አይደለም» ይላል፣ እሱ ራሱ ግን ግንዱ አጠገብ አያልፍም።

ልክ ነው፣ እንጨት ነው፣ ብሰነጥቀውና ምንም ባይፈጠር ስቄ እገላገል ነበር። ግን በማን ትንፋሽ ነው የምሞክረው? ገንፎ ባጎረሱኝ ሴትዮ? ደግሞ ሳልሰነጥቀው እንዲያ ሲሰቃዩ ማየቱስ? ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ የተጠረገ ቤት እጠርጋለሁ፣ ሚስቴ ምን ሆነሃል ትለኛለች፣ ምን ልበላት?

ባለፈው ዓርብ ደወሉ። አወል መስጊድ ሄዷል፣ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፣ የባንድሶው መጋዝ ወልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ብቻዬን ነኝ። «ሰነጠቅክልኝ?» አሉኝ። ሌላ የምለው ስለጠፋኝ ደንበኛ የምንሸነግልበትን ሰበብ አመጣሁ።

«መብራት የለም አዴ፣ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ የሚገርመው ያን ቀን አይታገልም፣ ረጋ ብሏል።

«ለምን ትዋሸኛለህ ኢልሞ ኮ?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ማሽኑ ሲዞር ይሰማኛል እኮ።»

ዞሬ ማሽኑን አየሁት፣ ቆሟል። «ከየት ነው የሚሰማዎት አዴ?» አልኳቸው።

«እዚሁ ነዋ» አሉ፣ «ከአልጋዬ ሥር።»