የአባ ዝጋው በር

ሟቹ የተገኘው በገዛ ቢሮው፣ የሰርቨሮቹ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ብረቱ በር አዙሮ እንደተቀመጠ ነው። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። የደበደበው በር ከውስጥ እጀታ የለውም፤ የሚከፈተው በውጭው ክፍል ባለው ኮምፒውተር ነው። የአስም መድኃኒቱ፣ ያ በአፍ የሚሳበው፣ ከበሩ ወዲህ በውጭው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከስልኩ ጎን ቁጭ ብሏል።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ሬሳውን አየ፤ ቀና ብሎ በሩን አየ፤ ከዚያ ወደ ውጭው ክፍል ተመለሰ። ወፍራም ነው፣ ሲራመድ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። በዚህ ተታሎ እስር ቤት የገባ ሰው ብዙ ነው።

ሟቹ በነፃ የሚታደል የኮምፒውተር ሲስተም መሥራችና አለቃ ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ያሻሽለው ይባላል፤ ሠራተኞቹም ደመወዝ የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፍት ይባል እንጂ ክፍትነቱ ለተወደደ ሰው ነው። አንዱ ምስኪን «ይሄ ነገር አልሠራ አለኝ» ብሎ ድረ ገጹ ላይ አቤት ሲል፣ ሟቹ «ችግሩ ከአንተ ነው» ብሎ ይጽፍና አቤቱታውን ይዘጋዋል። ስለዚህ አባ ዝጋው ይሉታል፣ በሌለበት። ፊቱ ላይማ ማን ደፍሮ። ሰው ከፍ ያለ ወንበር ሲያገኝ ከታች ያለው ሁሉ ጠጠር ይመስለዋል።

ኢንስፔክተሩ የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ሁሉ እንዲጠሩ አዘዘ። አራት ሆኑ። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ፣ ምክትሉ የነበረው ታናሽ ወንድሙ፣ የሲስተሙን ጽሑፍ ሁሉ ወደ አማርኛ የተረጎመችው ቀጭን ሴት፣ እና ጠጋኙ። ጠጋኙ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ሰው ነው፤ ኮድ መጻፍን ያለ አስተማሪ የተማረ።

ሚስቲቱ እጇ ላይ ካቴና ገብቶ ነበር።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ወንድምየው። «ራሷ ነግራናለች። የኮምፒውተሩን ቁልፍ የተጫነችው እሷ ናት። ይውሰዷትና ይብቃ።»

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች ሚስቲቱ ቀና ሳትል። «ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስትፈልገው የነበረውን አገኘህ።»

«ቀስ እንበል» አለ ኢንስፔክተሩ። «እመቤቴ፣ ምን ተጫኑ?»

«ምሳውን አምጥቼለት ነበር። ሰው የለም። ሳይናገር ውልቅ ማለት ልማዱ ስለሆነ ወጥቷል አልኩ። ምሳውን ሳስቀምጥ ያ መስኮት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ‹ሲስተሙ ይታደስ? አሁን ወይስ በኋላ?› ይላል። አይታደስ የሚባል ነገር የለውም።»

«‹በኋላ› ቢሉትስ?»

«አልኩት። ተመለሰ። ደግሜ አልኩት፣ ተመለሰ። እንደ ባለቤቱ ነው፣ ካልተሸነፉለት አይተውም። ‹አሁን› አልኩት፣ ቢሮውን ቆልፌ ወደ ሱቄ ሄድኩ።» በታሰሩት እጆቿ ወደ ብረቱ በር አመለከተች። «የዚያ ክፍል ማራገቢያ ሲጮህ ሰው መኖሩ አይሰማም። እኔ ነኝ የቆለፍኩበት? ይህን ብቻ ይንገሩኝ። ከዚያ ወደፈለጉበት ይውሰዱኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «የእኔ ቢሮ ያለውም እንዲሁ ነው» አለ። «ባለፈው አንድ ሌባ ቃሉን እየሰጠኝ ሳለ ኮምፒውተሬ ልታደስ ብሎ ድርግም አለ። ሌባው ራሱ አዘነልኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማውሱን ነካ ሲያደርግ ኮምፒውተሩ እንደ ደወል አቃጨለ። ሚስቲቱ ደነገጠች።

«ይሄ ሳጥን ድምፅ አለው እንዴ?»

ተርጓሚዋ ቅንድቧን አነሳች። ወንድምየው መሬት መሬቱን ያያል። ኢንስፔክተሩ ስክሪኑን እየተመለከተ፣ «ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ» አለው።

«አዎ። ከስብሰባ ስመለስ የውጭው በር እንደተቆለፈ ነው። ስገባ ስልኩ አለ፣ እሱ የለም። የበሩ ፕሮግራም ጠፍቷል። አስነሳሁት፣ የብረቱ በር ተከፈተ፣ ወንድሜን አየሁት።»

«ፕሮግራሙ ለምን ጠፋ?»

«ሲስተሙ ሲታደስ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። የበሩ ፕሮግራም ግን አብሮ አይነሳም፤ እሱ ካልሠራ ደግሞ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል። በእጅ ነው የሚነሳው።»

«አደገኛ አይደለም? ያመለከተ የለም?»

«ያመለከተ ነበር።»

«እና?»

«ወንድሜ ዘጋው። ‹ሰነፍ አንሁን፣ በእጃችን እናስነሳ› አለ።»

«በእጅ ማስነሳቱ ከባድ ነው?»

«ምልክቱ ስክሪኑ መሀል ላይ ነው። አንድ ጊዜ መጫን ነው።»

«ከዚያ ሌላ የነካኸው ነገር አለ?»

«ወንድሜ ሞቶ ምን እነካካለሁ?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ተርጓሚዋ ዞረ። «ቅድም ቅንድብሽ ተነስቶ ነበር።»

«ስለገረመኝ ነው። ሲስተሙ በታደሰ ቁጥር ዲዳ ይሆናል። የሁሉም ሰው እንደዚያው ነው፤ የእኔም ዛሬ ጠዋት ታድሶ ጸጥ ብሏል። ‹የድምፅ መሣሪያ አልተገኘም› የሚለውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ከጻፍኩት ሁሉ ሰው በብዛት ያነበበልኝ እሱን ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«እሱን ይጠይቁት» አለች በአገጯ ወደ ጠጋኙ እያመለከተች።

ጠጋኙ እጆቹን ጭኖቹ መሀል ቀብሮ ተቀምጧል። «እኔ ከተባረርኩ ወዲህ እዚህ ቢሮ እግሬ አልረገጠም» አለ ሳይጠየቅ። «ቁልፉን መልስ ያለኝ ስለሌለ ነው ኪሴ የቀረው።»

«ለምን ተባረርክ?»

«ድምፁን ስለጠገንኩት። ሠርቼ ላክሁለት፣ ዘጋው። አስተካክዬ ላክሁ፣ ዘጋው። እንደገና ብልክ ‹መጀመሪያ ፊደል ቁጠር› ብሎ አገር በሚያየው የድረ ገጹ መወያያ ላይ ጻፈብኝ። ለምን ብለው ደግሞ አገደኝ። እነዚህም አብረው ሳቁ። አዎ፣ ስቃችኋል፤ ከሥሩ ያስቀመጣችሁትን የሳቅ ምልክት እስከ ዛሬ አየዋለሁ።»

«እና ጥገናህን ሰው ይጠቀምበታል?»

«ማን?» ጠጋኙ ደረቱን ነፋ። «ከኢንተርኔት ላይ ሰረዝኩት። ያለው ፍላሼ ላይ ነው። ከእኔ በቀር ያለው አንድ ነፍስ የለም። ዲዳ ሆነው ይኑሩበት።»

የሰው ልጅ ረሃቡን ይረሳል፤ «አታውቅም» ያለውን ሰው ግን አይረሳም። ኢንስፔክተሩም ይህን ያውቃል፤ እሱም የአለቆቹን ፊት ያየ ሰው ነው።

የውጭውን በር አብሮት የመጣው ፖሊስ እንዲዘጋው አደረገ። መስኮቱ ፍርግርግ ነው፣ አየሩ ከብዷል። ሁሉም ወንበሩ ላይ ተሰፍቶ ቀረ።

«አሁን ስሙኝ» አለ። «እመቤቴ ‹አሁን› ሲሉ ሰውየው ውስጥ ነበር። ሲስተሙ ታደሰ፣ በሩ ሞተ። እስከዚህ ድረስ አደጋ ነው፣ እሱም ሟቹ በገዛ እጁ ያበጀው አደጋ። በባለቤቱ ላይ የቆለፈበት የገዛ ማሽኑ ነው።»

«እና ሞተ» አለ ወንድምየው።

«ወዲያው አልሞተም። ጣቶቹን አይተሃል። ብዙ ደብድቧል። ጥያቄዬ፣ ሲደበድብ የሰማ ሰው ነበር ወይ ነው። የሚነግረኝ ደግሞ ይህ ኮምፒውተር ነው። በታደሰ ቁጥር ዲዳ ይሆናል ተባልኩ። ዛሬ ታደሰ። እኔ ስነካው ግን አቃጨለ።»

«አዲሱ እድሳት ራሱ አስተካክሎት ቢሆንስ?»

«የእሷም ዛሬ ነው የታደሰው፤ ዲዳ ነው። ስለዚህ ከእድሳቱ በኋላ፣ አንተ ከመምጣትህ በፊት፣ አንድ ሰው በራሱ ቁልፍ ገብቶ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የበሩ ምልክት ስክሪኑ መሀል ላይ ነው። በሩን የሚደበድበው ከጀርባው ነው። የተቀመጠው ሰው ግን ምልክቱን አልተጫነም። ድምፁን ጠገነ። ልብስ ሰፊዋ ይህን አታውቅም። ወንድምየውም ተርጓሚዋም ጥገናው የላቸውም። ያለው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ራሱ ነገረኝ፣ ያውም ደረቱን ነፍቶ።»

ጠጋኙ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልለምነው ነው የመጣሁት» አለ። «ለመጨረሻ ጊዜ ልለምነው። ስገባ ይደበድባል። ‹ማነው?› አለ። ‹እኔ ነኝ› አልኩ። ‹አንተን ማን ጠራህ?› አለኝ። ተቆልፎበት እንኳ እንደዚያ ነው ያለኝ። እኔም ‹መጀመሪያ ሥራዬን ስማ፣ ይሠራል በል፣ ከዚያ እከፍትልሃለሁ› አልኩት። ጥገናዬን ጫንኩት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ አስጮህኩት። ‹ሰማኸው?› አልኩ። አልመለሰም። ደግሜ ‹ሰማኸው ወይ?› አልኩ። ዝም።»

«ያስል ነበር?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«መጀመሪያ ያስል ነበር።»

«መድኃኒቱ እፊትህ ነበር።»

«አይቼዋለሁ።» ጠጋኙ ዓይኑን ከፍላሹ ላይ አላነሳም። «እልኩ መሰለኝ። ስንት ዘመን ጽፌለት ዝም ብሎኛል። ይሄም ያው ዝምታው ነው ብዬ፣ ‹እንግዲያው እዚያው ቆይ› ብዬ ቆልፌ ወጣሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሚስቲቱ እጅ ፈትቶ ወደ ጠጋኙ ወሰደው። ወንድምየው ፊቱን ከእሷ ወደ መስኮቱ አዞረ። ይቅርታ መጠየቅ በዚያ ቤት የተለመደ ነገር አይደለም።

«እርስዎ አይደሉም» አላት ኢንስፔክተሩ። «በሩ ሊከፈት ሲችል የከለከለ ሰው አለ። ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።»

ሚስቲቱ ግን ጠጋኙን ነበር የምታየው። «ዝም ከማለቱ በፊት ምን አለ?»

«ይቅርብሽ።»

«ንገረኝ።»

ጠጋኙ ካቴናው እስኪቆለፍ ጠበቀ።

«‹ባትከፍት ተወው› አለኝ። ‹ሚስቴ ምሳዬን ይዛ ትመጣለች፣ እሷ ትከፍትልኛለች።›»

ፖሊሱ የውጭውን በር ከፈተው። ጠጋኙን አስቀድሞ ወጣ፤ ወንድምየውና ተርጓሚዋ ተከተሉ። ኢንስፔክተሩ በሩን በእጁ ይዞ ሚስቲቱን ጠበቃት። እሷ ቀድማ ያመጣችው ምሳ ሳይከፈት ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳጣመረች፣ ካቴናው እስካሁን ያልወለቀላት ይመስል ተቀምጣለች።