ከነጭ ሽንኩርቱ መደብ አጠገብ

«በሕግ አምላክ! የሻው፣ በሕግ አምላክ ተው!»

ዓይናዲስ ጮኸች፤ አካፋው ግን ወርዶ ነበር። አያ አራጋው ራሳቸውን ሊከልሉ ያነሡት ክንድ መሐሉ ላይ ተሰብሮ ታጠፈ። ሁለተኛው ምት ግንባራቸውን አገኘው። የሃምሳ ዓመቱ ጎረቤታቸው አንዲት ቃል ሳይወጣቸው በነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ በጎናቸው ወደቁ። ደማቸው የሣሩን ውርጭ እያቀለጠ ወረደ። ብርዱ ከመጽናቱ የተነሣ ደሙ ይጨስ ነበር።

ወንድሟ የሻው አካፋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ የቤቱ አራሽ እሱ ነው፤ የዓይናዲስን ደብተርና ጫማ የሚገዛውም እሱ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዓይኑ ግን የወደቀውን ሰው ያየ አይመስልም።

ዓይናዲስ በዚያ ማለዳ ወደ ጓሮው የወረደችው እንደ ልማዷ ነበር። ከፍላቂት ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኘው መንደራቸው ታኅሣሥ ከገባ ውርጩ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ስለዚህ ወደ ማታ ጎመኑንና ካሮቱን በገለባ ትሸፍናለች፤ ፀሐይ ስትወጣ ትገልጠዋለች። ሥራው ይኸው ነው። እሷን የሚያስነሣት ግን ሌላ ነገር ነው። በቦዩ ዳር የረጋውን ስስ በረዶ በሁለት ጣቷ አንሥታ ፀሐይዋን በእሱ ውስጥ ታያለች፤ ጣቷ ደንዝዞ በረዶው እስኪያመልጣት ድረስ። ከአጥሩ ሥር በበቀለው እሬት አበባ ላይ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ወፎች ማር ሊቀስሙ ይመጣሉ፤ ትንፋሿን ይዛ ከቆመች እስከ አጠገቧ ይደርሳሉ። ከዚያ አንድ ካሮት ነቅላ በቀሚሷ ጠርጋ ትበላለች። ውርጭ ያገኘው ካሮት ጥርስን ያማል፤ ግን እንደ ሸንኮራ ይጣፍጣል።

የዚያን ቀንም ካሮቷን እየበላች ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው አይታለች።

በመንደሩ የመስኖ ውሃ በተራ ነው። የእነየሻው ተራ የሚያልቀው ፀሐይ ከወዲያኛው ተራራ ብቅ ስትል ነው። ፀሐይዋ ወጣች፤ አያ አራጋውም መጡ። «የሻው ልጄ፣ ወጣች እኮ» አሉ፤ ጎንበስ ብለውም ውሃውን ወደ ድንቻቸው ለመመለስ ቦዩን በጭቃ መድፈን ጀመሩ።

«ገና አልጨረስኩም። ምን ያስቸኩልዎታል?»

«ትናንትም እንዲሁ አልከኝ። ድንቹ ደረቀብኝ።»

ይኼው ነበር የተባባሉት። አካፋው የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን የሻው ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ዓይናዲስ ጎመን የምትቆርጥበትን ማጭድ ከአጥሩ ላይ ነቅሎ ከወደቁት ሰው ቀኝ እጅ አጠገብ ጣለው።

«አይተሻል አይደል? በማጭድ መጣብኝ።»

 ወንድሟ አያ አራጋውን «አንቱ» ሳይል ሲጠራ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«አይተሻል ወይ!»

ጩኸቷን የሰሙ ሰዎች ደረሱ። አያ አራጋውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ አወጧቸው፤ ከዚያም በመኪና በጋሸና በኩል ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ከዓይናዲስ ጋር አንድ ዴስክ የሚቀመጠው ልጃቸው ምስጋኑ ነጠላውን በአባቱ ግንባር ላይ ጭኖ እየሮጠ ተከተላቸው። የቀበሌው ሚሊሻዎች መጥተው አካፋውንና ማጭዱን ወሰዱ። የሻው የመታቸው ራሱን ሲከላከል መሆኑን ስለተናገረ፣ ቅዳሜ በሽማግሌ ፊት ምስክር እስኪሰማ ከመንደሩ እንዳይወጣ አስጠንቅቀው ተዉት።

ምስክሩ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ልጄ፣» አለች እናቷ አሰለች የዚያን ዕለት ከሰዓት። «እሱ ከታሰረ ማን ያርስልናል? አንቺስ በምን ትማሪያለሽ? ማጭድ ይዘው ነበር በይ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

«እማዬ፣ አልያዙም እኮ።»

የሻው ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣና አንገቷን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት። የግድግዳው ምርጊት ጀርባዋ ላይ ተፈረፈረ። ትንፋሽ አጠራት፤ የእናቷ ጩኸት ከሩቅ የሚመጣ መሰላት።

«አንዲት ቃል ብትቀይሪ እገልሻለሁ! ሰማሽ?»

ከዚያ በድንገት ለቀቃት። እጁን ገልብጦ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ያየ ይመስል። በሩን በርግዶ ወጣ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓሮው የሚሰነጠቅ ነገር ድምፅ ሰማች። ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ምስጋኑ በአባቱ ዱላ ጎመኑን እየመታ ነበር። አንድ መደብ ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ተበትኗል፤ እሬቱ ከነአበባው ተቀንጥሶ ወድቋል። እየመታ ያለቅሳል፤ ንፍጡና እንባው ተቀላቅለው ከአገጩ ይንጠባጠባሉ።

«ምስጋኑ!»

ዱላውን ይዞ ዞረባት። ሸሸች፤ ዱላው ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ በጉልበቷ ወደቀች። እንደገና አነሣው። እሷ እጇን አላነሣችም። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ አላነሣችም።

«ማጭድ ይዞ ነበር ብለሻል አሉ። አባቴ! በሕይወቱ ዶሮ እንኳ አርዶ የማያውቀው አባቴ!»

«ገና ምንም አላልኩም።»

«አትፎግሪኝ!»

«ምንም አላልኩም ነው የምልህ። የምጠየቀው ቅዳሜ ነው።»

ዱላው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ መሬቱን መታበት፤ ዱላው ለሁለት ተሰበረ። ስብርባሪውን ወርውሮ አጥሩን ዘሎ ሄደ።

ዓይናዲስ ትከሻዋን ይዛ በተቆራረጠው ጎመን መሐል ተቀመጠች። ካሮቱ አልተነካም፤ ካሮት መሬት ውስጥ ነው። አንዱን ነቅላ በቀሚሷ ጠረገችው። መብላት አልቻለችም።

ቅዳሜ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በወይራው ጥላ ተሰበሰበ። በመንደሩ የውሃውን ተራ የሚዳኙት አባ ደሳለ መሐል ተቀመጡ፤ ሚሊሻዎቹ ከኋላቸው ቆሙ። በአንድ በኩል የአያ አራጋው ወገኖች፣ በሌላው የእነየሻው። ሁሉም ዱላ ይዟል። ዓይናዲስ ስትጠራ እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች፤ ቀስ ብላ አስለቅቃ ወደ መሐል ገባች።

«ልጄ፣» አሉ አባ ደሳለ፣ «አትፍሪ። ማንም አይነካሽም። አራጋው እጅ ላይ ምን ነበር?»

የሻው ያያታል። ምስጋኑ መሬት መሬቱን ያያል። 

«ጭቃ» አለች በለሆሳስ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ።»

«ጭቃ። ቦዩን ሲደፍኑ የያዙት ጭቃ ብቻ ነው። ማጭዱ የኛ ነው፤ አጥሩ ላይ ነበር። ከወደቁ በኋላ ነው የሻው ያስቀመጠው።»

የሻው እንደ በሬ ጮኾ ተወረወረ። ሚሊሻዎቹ ከመያዛቸው በፊት ቡጢው አፏን አገኘው፤ ከንፈሯ ፈነዳ፣ አፏ በደም ሞላ። የአያ አራጋው ወገኖች ዱላ አንሥተው ሮጡ፣ የእነየሻው አጎቶች ሊከላከሉ ተነሡ፤ አንድ ሁለት ዱላ ተገጫጨ፤ አባ ደሳለ እጃቸውን ዘርግተው መሐል ቆሙ። አራት ሰዎች የሻውን በደረቱ አስተኝተው ፊቱን አቧራ ውስጥ ያዙት።

«እህቴ አይደለሽም!» ይላል አፉ አቧራ እየሞላ። «አንቺ እህቴ አይደለሽም!»

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ተቆረጠ፤ ማልቀስ ጀመረ።  ሰዉ ሲበተን ምስጋኑ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ በአጠገቧ አለፈ።

አያ አራጋው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ክንዳቸው ተጠግኗል፤ ግን አይዘረጋም። የሻው ፍላቂት ታስሮ የፍርድ ቀጠሮውን ይጠብቃል። መሬቱን አጎታቸው አርሶ ምርቱን እኩል ሊካፈል ተስማማ። ዓይናዲስ ትምህርት ቤት አልቀረችም፤ እስከመቼ እንደምትሄድ ግን ማንም አልነገራትም። እናቷ ምሳ ታቀርብላታለች፤ አታናግራትም። በየቅዳሜው ለየሻው ስንቅ ጠቅልላ ገበያ ለሚወጡት ጎረቤት ትሰጣቸዋለች።

በጥር አጋማሽ በአንዱ ቅዳሜ ስንቁን የሚያደርሱት ጎረቤት ታመሙ። አሰለች ስንቁን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ረጅም መንገድ አይችልም።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አለች ዓይናዲስ።

እናቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺን ማየት የሚፈልግ ይመስልሻል?»

«አይፈልግም።»

«ሊመታሽ ይችላል።»

«ፖሊሶቹ አሉ።»

«ስንቁን ቢጥለውስ?»

ዓይናዲስ አሰበች። ከንፈሯ ላይ የቀረው ጠባሳ ብርድ ሲነካው ይቆጠቁጣል።

«ከጣለው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ እወስድለታለሁ።»

እናቷ ስንቁን ዘረጋችላት።

መንገዱ ላይ ውርጩ ገና አልለቀቀም። ከእግሯ ሥር ሣሩ ይንኮሻኮሻል። ዳገቱ መሐል ድንጋዮቹን ተጠግቶ የበቀለ ጦስኝ አገኘች፤ ስትረግጠው ሽታው ተነሣ። ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ቀጠፈች፤ በቀዘቀዙ ጣቶቿ ቋጠሮውን ፈትታ ከቂጣው ላይ አስቀመጠችው፣ መልሳም አጥብቃ ቋጠረችና ወደ ከተማው መንገዷን ቀጠለች።