ባንዲራው ትክክል ነበር

አስቀድሜ ልናገር፤ ክሮቹ ከሊጉ የወረዱት በዳኛ አይደለም። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ለመናገር ወር ከምናምን ፈጅቶብኛል። አሁን ግን የፈለገ ቢሳደብ፣ የፈለገ ቢለምነኝ፣ አንዲት ቃል አልቀንስላትም።

ክሮቹ የምንላቸው የክር ፋብሪካውን የእግር ኳስ ቡድን ነው። አባቴ እዚያ ፋብሪካ አርባ ዓመት ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ከደጋፊነት ግን ጡረታ የለም። ስታዲየም ውስጥ ቦታችን አይለወጥም፤ በስተግራ በኩል፣ ከአጥሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ትይዩ። እናቴ «እናንተን እዚያው ነው የምንቀብራችሁ» ትለናለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት የስፌት ማሽን አለኝ፤ የክሮቹ ደጋፊዎች ባንዲራ የሚያሰፉት እኔ ዘንድ ነው። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሬዲዮው የስፖርት ፕሮግራም እደውላለሁ። ስሜን ስለማልናገር አዘጋጁ «መቀስ» የሚል ስም አወጣልኝ። ያን ዓመት መቀስ ያልቆረጠችው የለም። ተከላካዮቻችን እንደ ላላ ቁልፍ ናቸው፣ ገና ሲነኳቸው ይወልቃሉ አልኩ። ቡድኑ እየተሸነፈ ተከላካይ ቀይሮ የሚያስገባ አሰልጣኝ ያየሁት የእኛን ብቻ ነው አልኩ። አባቴ ቤት ሆኖ ይሰማና «ምላሷ የእኔ ነው» እያለ ለጎረቤት ይኩራራል።

ሁለተኛው ዙር እንደተጀመረ፣ አንድ ሐሙስ፣ ረጅም ሰውዬ ወደ ክፍሌ ገባ። በጋዜጣ የጠቀለለውን ፈታው። ቢጫና ቀይ፣ አጭር እጀታ ያላት ባንዲራ ናት፤ ጠርዟ ተተርትሯል።

«እስከ ቅዳሜ ይደርስልኛል?»

«ቁጭ በል፣ አሁኑኑ ትወስደዋለህ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«መነጽር ሠሪ ነኝ።»

«መነጽር በባንዲራ ነው እንዴ የሚሠራው?»

ሳቀ። «ይሄ የትርፍ ሰዓት ሥራዬ ነው። መስመር ላይ ነው የምሠራው።»

የመኪና መስመር መሰለኝ። መንገድ ሲቆፈር ባንዲራ ይዘው መኪና የሚያስቆሙና የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ አይደል? አንጀቴን በላው። እሱ ደግሞ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የክሮቹን ፎቶ አየና የቀረውን ዋጠው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

«ፀሐዩ አይጎዳህም?» አልኩት።

«ከፀሐዩ ስድቡ ይብሳል።»

«ሹፌሮቹ ናቸው?»

ትንሽ አሰበ። «ሁሉም ናቸው» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የሚሰፋ ነገር አያጣም። አንድ ጊዜ ቁልፍ፣ አንድ ጊዜ እጅጌ። በመጨረሻ ምንም ያልሆነ ሱሪ አምጥቶ አሳጥሪልኝ አለኝ።

«ይሄ ካጠረማ ቁምጣ ሊሆን ነው።»

«እንግዲያው አስረዝሚልኝ» አለ፤ ጆሮው ቀላ።

ክፍሌን ቆልፌ አብረን መንገድ መሄድ ጀመርን። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም ነበር። ስናገር አያቋርጠኝም። ሲያየኝ ዓይኑን አይሰርቅም፤ የምለው ሁሉ የሚለካና የሚመዘን ነገር ይመስል ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል። መቀስ እኔ መሆኔን የነገርኩት ቀን «ሬዲዮ ላይ የምትናገሪው ሁሌ ያየሽውን ብቻ ነው?» አለኝ።

«ያላየሁትን ከየት አምጥቼ ልናገር?»

ቆመ፣ አየኝ፣ መንገዱን ቀጠለ። ወድጄዋለሁ። ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «መነጽር ሠሪ መሆኑ ጥሩ ነው፣ አይቶ ነው የመረጠሽ» አለችኝ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። በሊጉ ለመቆየት ማሸነፍ ነበረብን፤ እኩል መውጣት እንኳ አያድነንም። ዳኞቹ ሲገቡ አየሁ። በስተግራ በኩል፣ ከፊታችን፣ ያቺን የሰፋኋትን ባንዲራ ይዞ የቆመው የእኔ ሰውዬ ነው። መስመር ማለቱ ለካ ይሄ ኖሯል። ሳቄ አምልጦኝ አባቴ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ገላመጠኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ክሮቹ ወደ እኛ በኩል ያጠቁ ነበር። ከመስመር ዳኛው ኋላ ያለው ሰው ሁሉ እየተንጠራራ «መነጽር ግዛ» ይለዋል። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። እውነቱን ልናገር፣ ጨዋታውን እያየሁ አልነበረም። እሱን ነበር የማየው፤ ሲሮጥ፣ ሲቆም፣ ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር ትከሻውን ሲያስተካክል።

በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ዜሮ ለዜሮ እንደሆንን፣ ኳስ ከመሀል ተሻገረች። እሱን ሳይ መስመሩን አየሁ፤ መስመሩን ሳይ አጥቂያችንን አየሁ። ከተከላካዩ አንድ ሙሉ እርምጃ አልፎ ቆሟል። ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች፣ ስታዲየሙ ተነሣ፣ አባቴ አቀፈኝ። ባንዲራዋም ተነሣች።

ከጨዋታ ውጪ።

አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። ሕዝቡ «ሌባ» ይላል። እኔ፣ መቀሷ፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

በማግሥቱ ሥራ ቦታዬ መጣ፤ ከበሩ አልገባ አለ።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ከሠርጉ በኋላ?»

«ፎቶውን ሳይ ፈራሁ። እዚያ ጨዋታ ላይ እንደምመደብም አላወቅሁም ነበር።» መሬት መሬቱን አየ። «ባንዲራውን በማንሣቴ ግን አልጸጸትም። ይቅርታ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል።»

«የተናደድኩት ስለደበቅኸኝ ነው። በባንዲራው አይደለም። አይቻለሁ፤ አንድ እርምጃ አልፎ ነበር።»

ገባና የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ እጄን ያዘኝና «አባትሽን ላናግራቸው» አለ።

እሁድ ከሰዓት መጣ። አባቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ጋዜጣ ያነባል። ቀና ሲል ወዲያው አወቀው። ሰውዬው ቆሞ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደመጣ አንድ በአንድ ተናገረ።

አባቴ ጋዜጣውን አጠፈ። «እዚህ ቤት ውስጥ፣ በእኛ መሀል ይቅር። ማንም አይሰማም። ጎል ነበር፣ ተሳስቻለሁ በለኝ፤ ልጄን መርቄ እሰጥሃለሁ።»

እኔ የበሩን ጉበን ይዤ ነበር። አዎ ቢል ያለቀልን መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ውሸት ቢናገርልኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያየኝ ዓይኑ እንደማንም ዓይን ይሆንብኛል።

«አልችልም፣ አባባ» አለ። «ልጅዎን ከዚህ ሁሉ በላይ እወዳታለሁ። ግን ጎል አልነበረም።»

«እንግዲያው ደህና ዋል።»

እስከ ውጪው በር ሸኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሆኖም አንድ ነገር ነገረኝ። «አባትሽ ጋዜጣ ሲያነቡ አየሻቸው? የሚያስቸግራቸው የቅርቡ ነው። የሩቁን ከእኔ እኩል ያያሉ፤ የተቀመጡትም ከመስመሩ ትይዩ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልትለኝ ነው?»

«ምንም። የማየውን ነው የምነግርሽ።»

ለአባቴ ያን ዕለት ነገርኩት። «ሳትመርቀኝም አገባዋለሁ፤ ብትመርቀኝ ግን ደስታዬ ሙሉ ይሆናል።» ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ጨዋታ ጠፋ። ድሮ እራት ላይ እስኪደክመን የምንሟገት አባትና ልጅ፣ ጨው አቀብለኝ በእናቴ በኩል ሆነ። ከጨዋታ ውጪ የሆነው አጥቂያችን ብቻ አልነበረም። እናቴ በመሀላችን ተቀምጣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እዚህ ቤት ንጋቱ ብቻ ነው የሚጠራው» ትላለች።

ሬዲዮው የዓመቱን ማጠቃለያ አዘጋጀ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ክሮቹ ለምን ወረዱ? የደወለው ሁሉ ባንዲራው፣ ባንዲራው ይላል። አንዱ የመስመር ዳኛው ዕድሜ ልክ ይታገድ አለ። ማሽኔን አቁሜ ደወልኩ።

«እህታችን መቀስ፣ መስመር ላይ ነሽ» አለ አዘጋጁ።

«ሠላሳ ጨዋታ ተጫውተን አምስት ነው ያሸነፍነው» አልኩ። «ከሜዳችን ውጪ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነጥብ ብቻ ይዘን ተመለስን፤ እሱም ዝናቡ ኳሷን ጭቃ ላይ ስላስቀረልን ነው። ባንዲራው የተነሣው በሠላሳኛው ጨዋታ ነው። በሃያ ዘጠኙስ ባንዲራውን ማን አነሣብን? ቦታዬ ከመስመሩ ትይዩ ነው፤ አጥቂያችን አንድ እርምጃ አልፎ ነበር። ባንዲራው ትክክል ነበር።»

«ይህን የምትይው የክሮቹ ደጋፊ ሆነሽ ነው?»

«ደጋፊ ስለሆንኩ ነው። በዳኛ ነው የወረድኩት የሚል ቡድን ተከላካይ አይገዛም፤ እንደገና ይወርዳል። እኔ ታችኛው ሊግ ድረስ ተከትያቸው እሄዳለሁ፤ ስለዚህ እውነቱን የመናገር መብት አለኝ። ሌላም አለ። ከሰው ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት፤ ያን የመስመር ዳኛ ላገባው ነው።»

አዘጋጁ ዘፈን ከፈተ።

ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ደንበኞች መጥተው ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ወሰዱ። አንዱ «ሂጂና የባልሽን ስፊ» አለኝ። «የእሱንማ ድሮ ሰፍቻለሁ፤ እንዳየኸው በደንብ ይዟል» አልኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ የፈራሁት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሬዲዮውን ሳይዘጋ ሰምቶኛል።

አባቴ በእግሩ መጣ፤ የቤት ነጠላ ጫማውን እንኳ አልቀየረም። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ባል የሚታጨው በሬዲዮ ነው እንዴ?»

«ቤት ውስጥ ጨዋታ ስለሌለ ነው።»

ከወለሉ ላይ ቁራጭ ክር አነሣና ጣቱ ላይ ይጠመጥም ጀመር። ማሽን የሚጠግንበት እጁ ነው፤ ክር ሲነካ ይለሰልሳል።

«አባዬ፣ አይተኸዋል አይደል?»

ክሩን ጠምጥሞ ጨረሰ፤ መልሶ ፈታው።

«አይቻለሁ» አለ። «ኳሷ ገና ሳትሻገር አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አርባ ዓመት የደገፍኩት ቡድን በራሱ ስንፍና ወረደ ብዬ እንዴት ወደ ቤቴ ልግባ? በባዳ ማሳበብ ይቀላል። ባዳ መስሎኝ ነው። ልጄ የምትወደው መሆኑን በምን አውቄ።»

«ካወቅህስ በኋላ?»

«ካወቅሁ በኋላማ...» ራሱን በመዳፉ ዳሰሰ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መመለሻው ጠፋኝ።» ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውሃ አዝሏል። «ያን ዕለት ዋሽልኝ ስለው እምቢ አለኝ። እናትሽን ጠይቂያት፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር ብያታለሁ። አንቺን ለማግኘት ያልዋሸ ሰው፣ ካገኘሽ በኋላ በምን ይዋሽሻል?»

ሄጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

«ይምጣ» አለ ድምፁን አጽድቶ። «ግን ስለዚያች ኳስ ቤቴ ውስጥ አንድ ቃል እንዳይነሣ።»

«ይነሣል አባዬ። እሱ ዝም ቢል እኔ አነሣዋለሁ።»

አልተቆጣም። ጨዋታው ተመለሰ።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሳይጀመር ተጋባን። ባሌ ለዳኞች ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፈ፤ የክሮቹ ቤተሰብ ስለሆንኩ በእነሱ ጨዋታ ላይ አትመድቡኝ የሚል። እናም የታችኛው ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ በእኔና በአባቴ መሀል ተቀመጠ። ረድፋችን ውስጥ ሰላም ያላለው ሰው ነበር፤ አባቴ በስሙ እየጠራ ሁሉንም አስጨበጠው።

በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ለዜሮ እየተመራን ክሮቹ አገቡ። ባንዲራ ተነሣ። ረድፉ በሙሉ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ባሌ ዞረ። አንዳንዱ ይጮህበት ዘንድ አፉን አዘጋጅቷል።

አባቴ በዝግታ «ነው?» አለው።

ባሌ ወደ ሜዳው ዞረ። መስመሩን እንደገና በሐሳቡ ሲያይ አየሁት።

«አይደለም፣ አባባ» አለ። «ዳኛው ተሳስቷል። ጎል ነበር።»

አባቴ ተነሣ። እጁን ባሌ ትከሻ ላይ አድርጎ ወደ ረድፉ ዞረና «ሰማችሁ?» አለ። «እሱ ነው ያለው።»

ጨዋታው እንደዚያው አለቀ፤ ተሸነፍን። ከስታዲየሙ ስንወጣ አባቴ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ «ተበድለን ነው» ይላል። ዘንድሮስ እውነቱን ነው።