የከርከሮው ታፋ

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ንጉሥ ኮልዊን ዛሬ ጠዋት የአጃ ገንፏቸውን በልተዋል!»

ብሪታንያ ለየኮረብታው አንድ ንጉሥ በነበራት ዘመን፣ አዋጅ ነጋሪው ይህን ከምሽጉ በር ላይ ሆኖ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሕዝቡም ዝናብ እየመታው ራሱን ነቀነቀ። ንጉሥ ከበላ አገር ደህና ነው። ገንፎውን ያጎረሰቻቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ታንግዊን መሆኗን፣ ግማሹም ጺማቸው ላይ መቅረቱን አዋጁ አልጨመረም።

ንጉሡ ሰው መለየት ካቆሙ ከርመዋል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። አእምሮው የጎደለ ንጉሥ ዙፋን ላይ አይቀመጥም። ነገሩ ከተነገረ አባቷን ከኮረብታው አውርደው ባሕር ዳር ካለች ጎጆ ብቻቸውን ያኖሯቸዋል። ታንግዊን የምትፈራው ይህን ነበር።

ዛሬ ደግሞ የመከር ግብዣ ነው። ንጉሡ የከርከሮውን ታፋ ቆርጠው የሚሰጡት ልጅ ወራሽ ይሆናል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቢላውን አብራቸው የምትይዘው ታንግዊን ናት።

ታላቅ ወንድሟ ኢዶን ጓዳ ድረስ መጣ። «እታለም፣ ቢላው ወዴት እንደሚዞር ታውቂያለሽ አይደል?»

«አባዬ ወደፈለጉት።»

«ትፎግሪኛለሽ? አባዬ እኮ ትናንት ኮርቻዬን ‹እንደምን አደርክ› ብለውታል!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰዊል ከነገሠ ሰዎቼ ዝም ብለው አያዩም።»

እሱ ሳይወጣ ታናሹ ሰዊል ገባ። «ውይ፣ ታላቄ ጓዳ ገባ! ሽንኩርት ልትከትፍ ነው?» ወደ እህቱ ዞረ። «ታንጊዬ፣ የኔም ሰዎች ጦር የያዙት ለጌጥ አይደለም።»

«እኔስ? እኔ ምን ላድርግ?»

ወንድማማቾቹ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። «ቢላውን አዙሪ» አሉ በአንድ ድምፅ።

እኩለ ቀን ላይ ከርከሮው ቀረበ። ኢዶን ቸኩሎ ቢላውን ለአባቱ ሊያቀብል አነሳ።

«አባት ባለበት ማዕድ ልጅ ቢላ አያነሳም!» አለ ሰዊል እየሳቀ። «ይህን የሚጠባ ሕፃን ያውቀዋል።»

ኢዶን ፊቱ ቀልቶ መልሶ አስቀመጠው።

ታንግዊን ቢላውን አባቷን አስይዛ እጃቸውን በእጇ ሸፈነች። በቀኝ ኢዶን፣ በግራ ሰዊል። ወደየትም ቢዞር ደም ነው። የአባቷ እጅ ሞቃትና ታዛዥ ነበር፤ ወደመራችው ይሄድላታል። ያስጠላት ይኸው ነበር።

ጣቶቿን አንድ በአንድ አነሳች።

ንጉሡ ቢላውን አዩት። በሩን አዩት። ከዚያ ቢላውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቁ።

«ኧረ እኔ አልቆርጥም» አሉ። «አባዬ ገና አልመጣም። ይቆጣኛል።»

አባታቸው ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። በሩ አጠገብ የቆመው አዋጅ ነጋሪ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ኢዶንና ሰዊል መሬት መሬት አዩ።

ታንግዊን ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እሺ አባዬ» አለች፣ «እንጠብቀዋለን።»

ከዚያም ጺማቸው ላይ የደረቀውን ገንፎ፣ ሁሉም እያየ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላቸው።